ለጋሼ ኬርጋ የቀባሁት ክፍት አረንጓዴ

ቀለም ቅብ የጀመርኩት አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ከዚያ በፊት አስኮ አካባቢ አራት ዓመት ጭቃ ረግጫለሁ፣ ልስን ለስኛለሁ፤ ስለዚህ ግድግዳ የሚባለውን ነገር ጨርሼ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። የቀቢዎቹ አለቃ፣ ካቦው ጋሼ በየነ፣ ከጣሊያኖች ጋር ሠርተው ሙያ የያዙ፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። እጄን ገልብጠው አዩና፣

«ለሳኝ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ግድግዳ ማበላሸቱን ችለሃል። ከዛሬ ጀምሮ የጓደኞችህን ብልሽት መሸፈን ትማራለህ» ብለው ስፓቱላና አንድ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት ወረወሩልኝ።

ያን ቀን ብሩሽ አልነካሁም። በዚያ ወርም አልነካሁም። ጋሼ በየነ ዘንድ ደረጃው የታወቀ ነበር፤ መጀመሪያ ፋቂ ትሆናለህ፣ ቀጥሎ ስንጥቁን በስቱኮ ትሞላለህ፣ ከዚያ ኖራ ትቀባለህ፣ ከዚያ በስንት ልመና ዘይት ቀለም ይሰጥሃል። ቀለም መበጥበጥ ግን የካቦው ብቻ ነው። ምን ላይ ምን እንደጨመሩ እንዳናይ ጀርባቸውን አዙረው ነበር የሚበጠብጡት። እኔ እዚያ ደረጃ የደረስኩት ሥራው ላይ በሰባተኛው ዓመቴ፣ የእሳቸው ዓይን ሲደክም ነው። ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬ ግን ብዙም አልቆየም፤ ልክ እኔ መበጥበጥ ስጀምር ክፍት አረንጓዴ የሚባል ነገር መጣ።

ማን እንዳመጣው አላውቅም። ባውቀው ኖሮ ቤቱ ሄጄ የምነግረው ነበረኝ። እስከዚያ ድረስ ኮልፌ ውስጥ የቤት ግድግዳ ወይ ጋዜጣ የተለጠፈበት ነው፣ ወይ ኖራ የተቀባ። ቢበዛ ኖራው ላይ ትንሽ ሰማያዊ ጠብ ይደረግበታል። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ግን ሰዉ ሁሉ ተነጋግሮ ያደረ ይመስል ክፍት አረንጓዴ ካልሆነ አለ። አንዱ ባንክ ቤት አይቶ፣ ሌላው ያገለገለበት ፈረንጅ ሳሎን አይቶ፣ ሌላው ጎረቤቱ ስላስቀባ ብቻ። «ዓይን ያሳርፋል» ይሉኛል። የማንን ዓይን እንደሚያሳርፍ እንጃ፤ የእኔንስ ሊያጠፋው ምንም አልቀረው።

ክፉነቱ ክፍት አረንጓዴ ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ መሆኑ ነው። አንዷ «የሰላጣ ልብ» ትለኛለች። አንዱ «እንደ ባሕር ዛፍ ቅጠል ጀርባ» ይለኛል። አንዲት ሴት የውስጥ ቀሚሷን በጋዜጣ ጠቅልላ አምጥታ፣ ማንም እንዳያይ ጥግ ወስዳ አሳይታኛለች። አንድ አስተማሪ ደግሞ ከግቢው ቅጠል ቀጥፎ ሰጠኝ፤ ያንን ቅጠል የመሰለ ቀለም ስበጠብጥ ዋልኩ። በማግስቱ ግድግዳው ሲደርቅ አስተማሪው ያንኑ ቅጠል ከደረት ኪሱ አውጥቶ ግድግዳው ላይ ደገፍ አደረገና፣ «ይኸው፣ አይመሳሰልም» አለኝ። ቅጠሉ ጠውልጎ ነው ብዬ ባስረዳው፣ «አንተ ቀለም ቀቢ ነህ የእርሻ ባለሙያ?» ብሎ ተቆጣኝ። ምን ይባላል?

ኖራ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ኖራ እርጥብ ሳለ ይጠቁራል፣ ሲደርቅ ይነጣል። ይህን ለደንበኛ መቶ ጊዜ ብትነግረው አይገባውም። እርጥቡን አይቶ «ገደልከኝ፣ ጎመን አደረግከው!» ብሎ ይጮሃል። ነጭ ትጨምርለታለህ። ሲደርቅ ይመጣና «የታለ አረንጓዴው?» ይላል። ጋሼ በየነ ለዚህ መድኃኒት ነበራቸው፤ ግድግዳው እስኪደርቅ በሩን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ይከቱ ነበር። ባለቤቱ ደጅ ቆሞ ይሳደባል፣ እሳቸው ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ይስቃሉ። እኔ ያን ያህል ድፍረት አልነበረኝም።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ እትዬ ዘነበች ደጃፌ ላይ በቆሙ ዕለት ምን ያህል ታክቶኝ እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው።

እትዬ ዘነበች ኮልፌ ገበያ ቆጮ ይሸጡ ነበር። ባለቤታቸው ጋሼ ኬርጋ አጣና ነጋዴ ናቸው፤ ረጅም፣ ንግግር የማያበዙ ሰው። ሳንባቸውን ታመው ከተማ ውስጥ ካለ አንድ ሆስፒታል ከተኙ ሰባት ወር ሆኗቸዋል። አሁን ሐኪሙ ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ቤት ሊሰዳቸው ነው፤ ግን በማስጠንቀቂያ ነው። ጭስ የሌለበት፣ አቧራ የማይራገፍበት ንጹሕ ክፍል ውስጥ መተኛት አለባቸው። ያ ሳንባ አንድ ጊዜ ከዳነ በኋላ እንደገና ከታመመ ተስፋ የለውም ብሎ ለእትዬ ዘነበች ቁርጡን ነግሯቸዋል።

«እሱ የተኛበት ክፍል ግድግዳው ክፍት አረንጓዴ ነው» አሉኝ። «ሳሎኑን ልክ እንደዚያ አድርገህ ቀባልኝ።»

ክፍት አረንጓዴ የሚለውን ስሰማ ቆሽቴ አረረ።

«ምን ዓይነት ክፍት አረንጓዴ?»

«ልክ እንደዚያ ነው ያልኩህ!»

«እኔኮ አላየሁትም፣ እትዬ።»

«እንግዲህ ቀለም ቀቢው አንተ ነህ።»

እምቢ ልላቸው ነበር። እሳቸው ግን ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና ድምፃቸው ለስለስ አለ። «ሰባት ወር ሙሉ፣ መርሻ፣ ገበያ ውዬ፣ ተሰልፌ፣ ዘበኛ ለምኜ እዚያ ክፍል እገባለሁ። ወንበር ይሰጡኛል። ያንን ግድግዳ እያየሁ ቁጭ ስል ነፍሴ ታርፋለች። እንዲያ ያለ ንጹሕ ግድግዳ በዕድሜዬ አላየሁም። እሱም ቤቱ ገብቶ እንዲያርፍ ነው።»

«ለእሳቸው ነግረዋቸዋል?»

«አንተ ደግሞ! ለበሽተኛ ነገር ይነገራል? ድንገት አይቶ ደስ ይበለው እንጂ።»

ትክክል ናቸው አልኩ። በእኛ ዘንድ ለበሽተኛ ምንም አይነገርም። ሰው ቢሞት አይነገርም፣ ቤት ቢቃጠል አይነገርም፣ በሽታው ምን እንደሆነ እንኳ ለእሱ አይነገርም። ጤነኛው ያውቅለታል። እኔም ያደግሁት እንዲሁ ነው፤ ጥያቄውን ያነሳሁትም ለወጉ ያህል ነበር።

ቤቱ ከገበያው ጀርባ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ያለ የጭቃ ቤት ነው፤ አንድ ሳሎን፣ አንድ ጓዳ፣ ግቢው ውስጥ ለብቻው የቆመ ማድቤት። ሳሎኑ ጋዜጣ ተለጥፎበታል። በየዓመቱ ለመስቀል አዲሱ በአሮጌው ላይ ሲለጠፍ ኖሮ ስፍቀው አምስት ንብርብር አገኘሁ፤ በየንብርብሩ የዱቄት ሙጫ፣ በየሙጫው ትኋን። ከሥሩ ደግሞ ኖራ። ኖራ ይራገፋል፣ ለሳንባ በሽተኛ አይሆንም፤ ስለዚህ ዘይት ቀለም መቀባት ግድ ነው። ዘይት ቀለም ደግሞ ኖራ ላይ አይጸናም፤ ለጊዜው የያዘ ይመስልና ቆይቶ ይላጣል። ኖራውን እስከ ጭቃው ድረስ ፋቅሁ። በኮላ ውሃ አጠጣሁት። ስቱኮ ሞላሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ እንደገና ስቱኮ፣ እንደገና ብርጭቆ ወረቀት። ስድስት ቀን ፈጀብኝ፤ አፍንጫዬ ውስጥ የገባው አቧራ ለሌላ ክፍል ልስን ይበቃ ነበር።

በዚህ ላይ እማማ ፋንታዬ አሉ፤ ከእነእትዬ ዘነበች ጋር አጥር የሚጋሩ አሮጊት። ሳይጠሯቸው አቤት፣ ሳይልኳቸው ወዴት የሚሉ ሰው ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ከዘራቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ይቆማሉ። የሙከራውን አረንጓዴ ባዩ ዕለት፣

«መርሻ፣ ይሄ ቤት ነው ወይስ ግጦሽ?» አሉኝ።

«ቤት ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያው በሩን ዝጋው፤ ላም እንዳይገባ።»

ራሳቸው በቀልዳቸው እየሳቁ ሄዱ። በማግስቱም ያንኑ ቀልድ ደገሙት። በሦስተኛው ቀን ላም መስለው እየጮሁ መጡ።

ቀለሙን የበጠበጥኩት እትዬ ዘነበች በአፋቸው በነገሩኝ መሠረት ነው። ነጭ ዘይት ቀለም ላይ አረንጓዴ፣ ትንሽ ቢጫ። ግድግዳው ላይ በመዳፍ ልክ ቀብቼ ከገበያ እስኪመለሱ ጠበቅሁ። የመጀመሪያውን አይተው «አይደለም» አሉ። ሁለተኛውን «ቀርቧል፤ ግን ይሄ ወባ የያዘው ይመስላል» አሉ። ሦስተኛውን ቆመው ብዙ አዩት።

«ይሄ ይስቃል» አሉኝ።

«ግድግዳ እንዴት ይስቃል?»

«ይስቃላ! የዚያኛው አይስቅም። የዚያኛው ዝም ያለ ነው።»

ማማሰያ እንጨቱን መሬት ላይ ወረወርኩት። «እትዬ ዘነበች፣ በማርያም ይዤዎታለሁ! በዓይኔ ካላየሁት ከእንግዲህ አንድ ጠብታ አልበጠብጥም።»

«ታዲያ እሁድ እንሂድ» አሉ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ይህንኑ መጀመሪያ ቀን ቢሉኝ ምን ነበረበት?

ቅዳሜ የሳሙና ካርቶን ቀድጄ ስምንት ቁራጭ አዘጋጀሁ። እያንዳንዱን በተለያየ አረንጓዴ ቀብቼ ጀርባው ላይ ቁጥር ጻፍኩ። እሁድ የኮቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ ከእትዬ ዘነበች ጋር ሄድኩ። የሆስፒታሉ ዘበኛ ምኑ ነህ ሲለኝ እትዬ ዘነበች ቀድመው «የወንድሙ ልጅ ነው» አሉልኝ።

ክፍሉ ስምንት አልጋ አለው። የጋሼ ኬርጋ አልጋ ከዳር ያለው፣ ከግድግዳው የተጠጋው ነው። ተኝተው ነበር። ከስተው አጥንታቸው ቀርቷል፤ አጣና ተሸክመው ያየሁት ሰው መሆናቸውን ለማመን ቸገረኝ። እትዬ ዘነበች ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ግድግዳውን አዩ፣ ተነፈሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እውነታቸውን ነው፤ ሲያርፉ ይታያል።

ግድግዳውም፣ ሐቁን ለመናገር፣ ድንቅ ሥራ ነበር። ከወለሉ እስከ ኮርኒሱ አንድ ወጥ፣ ብሩሽ ያለፈበት መስመር የማይታይበት። የቀባው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ እጁን እጨብጠው ነበር። ካርቶኖቼን አንድ በአንድ እያወጣሁ ከአልጋው ራስጌ በላይ ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጌ ማስተያየት ጀመርኩ። አራተኛው ላይ ስደርስ አንዲት ነርስ ከኋላዬ፣

«ልትጠይቅ የመጣኸው በሽተኛውን ነው ወይስ ግድግዳውን?» አለችኝ።

እትዬ ዘነበች ብድግ ብለው ስለ መውጫው ቀን እየጠየቁ ወደ ኮሪደሩ ይዘዋት ወጡ። እኔ አምስተኛውን አወጣሁ።

«የቀለም ሰው ነህ?» አለ አንድ የደከመ ድምፅ። ጋሼ ኬርጋ ዓይናቸውን ገልጠው ጥፍሬን ያያሉ። ደነገጥኩ፤ ምሥጢሩ በእኔ ሊወጣ ነው።

«አዎ፣ ጋሼ» አልኩ።

«ሊቀይሩት ነው?»

«ምኑን?»

«ይሄን ግድግዳ።»

«ኧረ በጭራሽ!» አልኳቸው፤ ላጽናናቸው ብዬ ነው። «አይዞዎት፣ ማንም አይነካውም። እንዳለ ይቆያል።»

«እንዳለ» አሉ ጋሼ ኬርጋ። ብርድ ልብሱን ስበው ፊታቸውን ተሸፈኑ።

እንቅልፍ ነው ብዬ ተውኳቸው። ስድስተኛው ካርቶን እጄ ላይ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ሳደርገው ጠፋ፤ ካርቶኑ የት እንደሚያልቅ፣ ግድግዳው የት እንደሚጀምር አይለይም። አንድ ጠብታ ጥቁር ነበር ምሥጢሩ። ጥቁሯ ናት ሳቁን ያጠፋችለት። ከደስታዬ ብዛት በሽተኛውን እግዜር ይማርዎ እንኳ ሳልል ወጣሁ።

ቁጥር ስድስትን ሁለት ጊዜ ደርቤ ቀባሁ፤ መጀመሪያው ሲደርቅ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዳብሼ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ፣ ሁለተኛውን ከላይ ወደ ታች። ሽታው እንዲወጣ መስኮቱን ቀን ቀን ከፍቼ ተውኩት። ጋሼ በየነ ያን ጊዜ ሥራ አቁመው ነበር፤ በሰው ተደግፈው መጥተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ይሄ ሥራ ነው» አሉ። ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ለራሴ ሲነገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሥራዬን የተማርኩት ለዚህ ግድግዳ ነው ብዬ አሰብኩ፤ አላፍርበትም፤ እንዲያ ነው የተሰማኝ።

የቀረኝ የውጪው በር ነበር። ቡናማ ዘይት ቀለም፣ ሁለተኛ ቅብ። ጋሼ ኬርጋ ሐሙስ ይወጣሉ ተብሏል፤ እኔ ማክሰኞ ጠዋት በሩን እየቀባሁ ሳለ አንድ ሴይቼንቶ ታክሲ መንገዱ ዳር ቆመ። ሐሙስ የተባለው ማክሰኞ ሆኗል። እትዬ ዘነበች ባላቸውን ክንዳቸውን ይዘው ያወርዳሉ፣ ጎረቤቱ እልል ይላል፣ እማማ ፋንታዬ ከሁሉ ፊት ቆመዋል። እኔ የቀለም ጣሳዬን አንስቼ መንገድ ለቀቅሁ።

ጋሼ ኬርጋ ሳሎኑ ውስጥ ሁለት እርምጃ ገብተው ቆሙ። አልጋቸው ግድግዳውን ተጠግቶ ተነጥፏል።

«እንዴት ነው?» አሉ እትዬ ዘነበች። ሁለት እጃቸውን አጣምረው የባላቸውን ፊት ያያሉ።

ጋሼ ኬርጋ ግድግዳውን አዩ። ወደ ቀኝ አዩ፣ ወደ ግራ አዩ።

«ዘነበች» አሉ ቀስ ብለው፣ «መልሰሽ አመጣሽኝ?»

ማንም አልገባውም። እሳቸው ዞረው ወጡ፤ ግቢውን አቋርጠው ማድቤት ገቡና ጥላሸት የጠጣውን ግድግዳ ተደግፈው ዱካ ላይ ተቀመጡ። ምድጃው ላይ እሳት ነበር። ወዲያው ሳል ጀመራቸው።

እትዬ ዘነበች ተከትለው ሮጡ። «ሐኪሙ ጭስ እንዳይነካህ ብሏል! በፈጠረህ አምላክ ውጣ!»

«ጭሱ የቤቴ ነው» አሉ ጋሼ ኬርጋ። «እዚህ ይሻለኛል።»

እትዬ ዘነበች ድስቱን አውርደው እሳቱ ላይ ውሃ ደፉበት፤ ማድቤቱ ጭራሽ በጭስ ተሞላ። ጋሼ ኬርጋ እየሳሉ ንቅንቅ አላሉም። ቢቸግራቸው እኔን ፍለጋ ወጡ።

«አንተ! ምንድነው የቀባህብኝ?»

ደሜ ፈላ። «ያዘዙኝን ነዋ! አይስቅ አሉኝ፣ አልሳቀም! ዝም ያለ አሉኝ፣ ዝም አለ! ሆስፒታል ድረስ የወንድም ልጅ ሆኜ ሄጄ አምጥቼ...»

«ቤቴን አጠፋህብኝ! ሰውዬውን ልትገድልብኝ ነው!»

«እኔ ከመጀመሪያውም ግጦሽ ነው ብዬ ነበር» አሉ እማማ ፋንታዬ።

ያን ጊዜ ጥዬ መሄድ ነበረብኝ። ሥራዬን ጨርሻለሁ፣ የተባልኩትን ሠርቻለሁ፣ ማንም ጥፋተኛ ሊያደርገኝ አይችልም። በሩን ቀብቼ ልጨርስ ብዬ ብሩሼን አነሳሁ። ግን ሳሉ ይሰማኛል። አንድ ጊዜ ብሩሽ ሳሳልፍ አንድ ጊዜ ይስላሉ። ጣሳዬን እንደያዝኩ ማድቤት ገባሁ።

«ጋሼ ኬርጋ፣ ግድግዳው ምን አደረገዎት?» አልኳቸው። በቁጣ ነው የጠየቅሁት፣ አልዋሽም።

ሳላቸው ጋብ እስኪል ቆዩ። «ከእኔ ቀጥሎ ያለችው አልጋ ላይ» አሉኝ፣ «ሰባት ወር ውስጥ ሦስት ሰው ተኝቷል። ሦስቱም ወጥተዋል፤ በእግራቸው አይደለም። አንዱ በወጣ ቁጥር አንዲት ሴት ባልዲና ጨርቅ ይዛ ትመጣና ግድግዳውን ታጥበዋለች። ዘይት ቀለም ስለሆነ በደንብ ይታጠባል። ስትጨርስ እዚያ ሰው ተኝቶ የሚያውቅ አይመስልም። የእኔንም እንዲሁ ያጥቡታል እያልኩ ነው ስመለከተው የከረምኩት።»

ጣሳውን ከአንድ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

«አንተን ደግሞ ጠይቄህ ነበር» አሉኝ። «እንዳለ ይቆያል አልከኝ።»

ያን ጊዜ አፈርኩ። ሰውዬው በአፋቸው ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ካርቶን እያስተያየሁ ነበር።

«እቀይረዋለሁ» አልኳቸው። «የፈለጉትን ይንገሩኝ። ሮዝ ይሁን? ነጭ ይሁን?» ይህን እያልኩ ግን ነገሩ ገባኝ፤ አዲስ ዘይት ቀለም ከተቀባ ሽታው እስኪወጣ ሰውዬው ሌላ ሳምንት የሚቀመጡበት ከዚህ ማድቤት በቀር የለም። እሳቸውም ሳይገባቸው አልቀረም። እጄ ላይ ያለውን ጣሳ አዩት።

«ይሄ ምንድነው?»

«የበሩ ቀለም ነው።»

«ስጠኝ እስቲ።»

ሰጠኋቸው። በሽተኛ የጠየቀውን መከልከል ይከብዳል። ተነሱ፣ ክንዳቸውን ያዝኳቸው፣ ወደ ሳሎን ተመለስን። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ አልጠረጠርኩም። ብሩሹን ጣሳው ውስጥ እስከ እጀታው ነከሩት፤ ሥራ የማያውቅ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚነክረው፤ ጠርዙ ላይ እንኳ አላራገፉትም። ከአልጋው ራስጌ በላይ፣ በደረታቸው ልክ፣ ግድግዳዬ ላይ አሳረፉት። ከዚያ መራመድ ጀመሩ። ከራስጌ እስከ ግርጌ፣ መስመሩ አንዴ ሲወጣ አንዴ ሲወርድ፣ ቡናማው በየቦታው ወደ ታች እየተንጠባጠበ።

«በስመ አብ!» አልኩ። እትዬ ዘነበች በሩ ላይ አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

ጋሼ ኬርጋ ግርጌው ጋ ሲደርሱ ብሩሹን መልሰው ሰጡኝ። እያለከለኩ ግድግዳውን ትንሽ አዩት።

«ያኛው ግድግዳ ይህ የለበትም» አሉ። ኮታቸውን ሳያወልቁ አልጋው ላይ ወጥተው ተኙ።

እኔ ቆሜ የወረደውን ጠብታ እቆጥር ነበር። ዘጠኝ ነው። ቁጥር ስድስት፣ ሁለት ቅብ፣ ጋሼ በየነ ዳስሰው ያመሰገኑት ግድግዳ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም ነበር።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጨርቅና ማቅጠኛ ይዤ፣ የተረፈኝን አረንጓዴ አንጠልጥዬ መጣሁ። ዘይት ቀለም በአንድ ቀን አይጠነክርም፤ በጥንቃቄ ቢጠረግ ይለቃል፤ ሽታ ሳይበዛ ቦታውን ብቻ ላስተካክል ብዬ ነው። እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ተኙ?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«አንድ ጊዜ እንኳ አልነቃም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።»

«እንግዲያው ሲነሱ ያቺን መስመር...»

«ንካትና እጅህን ነው የምቆርጠው» አሉኝ። ሲያለቅሱ አድረው ዓይናቸው አብጧል፤ ግን ቀልዳቸውን አልነበረም።

መስመሯ በዚያው ቀረች። ኮልፌ ያለ ሰው ሁሉ ጋሼ ኬርጋን ሊጠይቅ መጣ፤ የመጣው ሁሉ መስመሯን አየ፤ ያየ ሁሉ «ማነው የቀባው?» ብሎ ጠየቀ። «መርሻ ነው» ይላሉ ጋሼ ኬርጋ፣ ፊታቸው ሳይፈታ። ሌላ ነገር አይጨምሩም። ገበያ መሃል የማላውቀው ሰው አስቁሞኝ «ያን ቀን ጠጥተህ ነበር እንዴ?» ብሎኛል። ሳሎኑን ሊያስቀባኝ ቃል የገባልኝ አንድ ባለሱቅ ሌላ ቀቢ ፈለገ። ቀጥ ያለ መስመር መሳብ የማይችል ቀቢ ተብዬ፣ እውነቱን ለመናገርም አፍሬ፣ ስንት ዓመት ተንገበገብኩ።

ጋሼ ኬርጋ አገገሙ። እኩለ ቀን ድረስ አጣናቸውን እየሸጡ፣ ከሰዓት በኋላ እዚያ አልጋ ላይ ጋደም እያሉ ዓመታት ኖሩ። መንገድ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር «ጋሼ፣ አሁንስ ላስተካክልዎ?» እላቸዋለሁ። «ተወው» ይሉኛል። እስከ ዛሬ ያቺ መስመር ስትታወሰኝ እጄ ጨርቅ ይፈልጋል።

ለእናንተ ሥራውን ለያዛችሁት የምለው ይህን ነው። ቀለም ከመበጥበጣችሁ በፊት ክፍሉ ውስጥ የሚተኛውን ሰው ጠይቁ። ያዘዛችሁን አይደለም፣ የሚተኛበትን። ታሞም ቢሆን ጠይቁት፤ ሲመልስላችሁም እጃችሁ ላይ ያለውን ካርቶን አስቀምጡና ስሙት።